የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው? የሉተር ካምቤል ጉዳይ

ጁን 6 ቀን 1990፣ ፍሎሪዳ። የፌዴራል ዳኛው ሆዜ ጎንዛሌዝ 62 ገጽ ውሳኔ ጽፈው አንድ የራፕ አልበም በሕግ ዓይን ጸያፍ ነው አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሙዚቃ አልበም ላይ እንዲህ ሲፈርድ ያ የመጀመሪያው ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ከሁለት ቀን በኋላ አልበሙን የሸጠ የሙዚቃ መደብር ባለቤት ታሰረ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ዘፋኞቹ ራሳቸው ታሰሩ።

ቡድኑ ቱ ላይቭ ክሩ ይባላል። የቡድኑ አለቃ፣ አሳታሚና ገንዘብ ያዥ ሉተር ካምቤል ነው። ስለ ካምቤል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከብልግናው ይጀምርና እዚያው ብልግናው ላይ ይቆማል። ነገሩ አይገርምም፤ የብልግናው መጠን ለወሬ ይመቻል። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው በሕይወቱ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ሥራው የማን ነው? ራፐርነቱ እንኳ ያከራክራል። መድረክ ላይ ሥራው በዋናነት መጮህና ሕዝቡን ማጋጋል ነበር። ጉልበቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ሊበርቲ ሲቲ

ካምቤል የተወለደው ዲሴምበር 22 ቀን 1960 ማያሚ ነው። አባቱ ጃማይካዊ፣ እናቱ ዘራቸው ከባሃማስ የሚመዘዝ የፀጉር ሥራ ባለሙያ ናቸው። ከአምስት ወንዶች ልጆች የመጨረሻው እሱ ነው። ያደገበት ሊበርቲ ሲቲ የማያሚ ጥቁሮች ሰፈር ነው። ቱሪስት የሚያውቀው ማያሚ፣ ያ ባሕር ዳርቻውና ሆቴሉ፣ ከዚህ ሰፈር ጋር ብዙም አይተዋወቅም።

በዲሴምበር 1979 አርተር ማክደፊ የተባለ ጥቁር የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ፖሊሶች አሳደው ያዙት። እስኪሞት ደበደቡት። በሜይ 1980 ሁሉም ነጭ የሆኑ የጁሪ አባላት (ከተራ ዜጎች ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች) ፖሊሶቹን በነጻ አሰናበቱ። ሊበርቲ ሲቲ ተቀጣጠለ። በዚያ ረብሻ 18 ሰው ሞተ። ካምቤል ያኔ የ19 ዓመት ጎረምሳ ነው። ፖሊስና ፍርድ ቤት በሰፈሩ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስሉ በደንብ ካየ ትውልድ መሃል ነው የወጣው። በኋላ ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሲመጣበት ለምን እንዳልደነገጠ ለማወቅ ይህን ማስታወስ በቂ ይመስለኛል።

ሥራውን የጀመረው በዲጄነት ነው። ጌቶ ስታይል ዲጄስ የሚባል ቡድን ነበራቸው። ከካሪቢያን በመጣው ልማድ ግዙፍ ስፒከሮችን ደርድረው ፓርክ ውስጥ ይጫወታሉ። ባሱ ደረት ያናውጣል። ቀጥሎ ፓክ ጃም የተባለ የወጣቶች ዳንስ ቤት ከፈተ። እዚያ የተጫወተ አዲስ ዘፈን በማግስቱ ከተማው ውስጥ ይፈለጋል። ካምቤል ይህን አስተዋለ። የሰው ዘፈን እያስተዋወቀ ሌሎች ሲከብሩ እሱ ምን ያገኛል?

በዚያ ሰሞን ካሊፎርኒያ ውስጥ አየር ኃይል ያገለግሉ የነበሩ ወጣቶች ቱ ላይቭ ክሩ ብለው ነጠላ ዘፈን አውጥተዋል። ሚስተር ሚክስ ዲጄ ነው። ፍሬሽ ኪድ አይስ ትሪኒዳድ የተወለደ ራፐር ነው። ዘፈናቸው በሰፈራቸው ብዙም አልሄደም፤ ማያሚ ላይ ግን ተወደደ። ካምቤል ጠራቸው፣ አጫወታቸው፣ በኋላም ወደ ማያሚ አመጣቸው። ብራዘር ማርኪስ ተጨመረ። ካምቤል የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ ያሳትማቸው ጀመር። ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ያሉትን ትልልቅ ኩባንያዎች ደጅ አልጠናም። በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ጥቁር ወጣት የራሱ የራፕ ኩባንያ ባለቤት ሲሆን ያኔ እንግዳ ነገር ነበር።

ለኩባንያው የሰጠው ስም ሉክ ስካይዎከር ሬከርድስ ነው። የከዋክብት ጦርነት ፊልሞቹ ጀግና ስም መሆኑን ማን ይስተዋል? ፊልም ሠሪው ጆርጅ ሉካስም አልሳተውም። ክሱ ሲመጣ ካምቤል በ300 ሺህ ዶላር ታርቆ ስሙን ወደ ሉክ ሬከርድስ ቀየረ። የሌላ ሰው ንብረት መንካት ስንት እንደሚያስከፍል የተማረበት ነው ማለት ይቻላል። አልተማረም ማለትም ይቻላል፤ ወደ በኋላ እንደርስበታለን።

ሁለት ካሴት

ግጥሞቻቸው ስለ ወሲብ ናቸው። በዙሪያው አይዞሩም፤ ሁሉንም በስሙ ይጠሩታል። ካምቤል ምንጩን ሲናገር ሩዲ ሬይ ሙርንና ሬድ ፎክስን የመሳሰሉ ጥቁር ኮሜዲያንን ይጠቅሳል። እነሱ ድሮ ለአዋቂ ብቻ ብለው ያስቀዱት ሸክላ ነበር፤ ከመደብር ጀርባ የሚሸጥ፣ ልጆች ሲተኙ የሚከፈት። እውነት ነው፣ የዘር ሐረጉ ያ ነው። ግን ሸክላው ላይ የነበረው ተረትና የራስ ላይ ፌዝ በቱ ላይቭ ክሩ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የለም። ሴቶቹ ስም የላቸውም፣ አይናገሩም። አብዛኛው ግጥም ከአስነዋሪነቱ በላይ አሰልቺ ነው። ባሱን ግን ማንም ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው አይንቀውም።

ችግሩ ቀስ እያለ መጣ። በ1987 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የመደብር ሻጭ ካሴቱን ለ14 ዓመት ልጅ ሸጠሻል ተብላ ተከሰሰች፤ በኋላ ነጻ ወጣች። በ1988 አላባማ ውስጥ የአንድ መደብር ባለቤት ለሲቪል ለባሽ ፖሊስ ሸጦ ተያዘ። የካምቤል መልስ የነጋዴ መልስ ነበር። ካሴቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። ከዚያ አልፎ ያንኑ አልበም በሁለት ዓይነት ማውጣት ጀመረ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ስድቡ ተለቅሞ የወጣለት።

በ1989 የወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ነው ነገሩን ሁሉ ያፈነዳው። አዝ ናስቲ አዝ ዘይ ዋና ቢ ይባላል። ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። አንዱ ዘፈን የቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ ላይ 26ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ለማይደፍረው ቡድን ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የዚህ አልበም «ንጹሕ» ቅጂም አብሮ ወጣ። ያ ንጹሕ ቅጂ በኋላ ከቆሻሻው ይልቅ ትልቅ ታሪክ እንደሚሠራ ያኔ ማንም አልገመተም።

ሸሪፉ

ጃክ ቶምሰን የተባለ የፍሎሪዳ ጠበቃ የአልበሙን ግጥም በጽሑፍ ገልብጦ ለባለሥልጣናት ደብዳቤ ማዝነብ ያዘ። የፍሎሪዳ ገዥ ቦብ ማርቲኔዝ ነገሩን አነሱት። በብራዋርድ ካውንቲ (የፍሎሪዳ አውራጃ ነው) ሸሪፍ ኒክ ናቫሮ እንቅስቃሴ ጀመሩ። በማርች 1990 አንድ የካውንቲ ዳኛ አልበሙ ጸያፍ ለመሆኑ በቂ ጥርጣሬ አለ የሚል ትእዛዝ ሰጡ። የሸሪፉ ሰዎች የትእዛዙን ኮፒ ይዘው መደብር ለመደብር ዞሩ። አልከሰሱም። «ብትሸጡ ትታሰራላችሁ» ብቻ አሉ። ባለመደብሩ ምን ያድርግ? አልበሙን ከመደርደሪያ አነሳው። ችሎት ሳይሰየም፣ ማንም ሳይፈረድበት ሙዚቃው ከገበያ ጠፋ።

እዚህ ላይ ካምቤል ያደረገውን ልብ በሉ። እስኪከሱት አልጠበቀም። ቀድሞ ሸሪፉን ፌዴራል ፍርድ ቤት ገተራቸው።

ጎንዛሌዝ የጻፉት ውሳኔ ሁለት ፊት አለው፤ ሰው የሚያስታውሰው አንዱን ብቻ ነው። በአንድ በኩል ሸሪፉ ሕገ መንግሥቱን ጥሰዋል አሉ። መደብር እየዞሩ ማስፈራራት ሐሳብን ከመነገሩ በፊት ማፈን ነው፤ አይፈቀድም። በሌላ በኩል ግን አልበሙ ራሱ ጸያፍ ነው አሉ። ወደ አእምሮ የሚናገር ነገር የለውም ብለው። ጸያፍ ከተባለ ደግሞ የመናገር ነጻነት ጥበቃ አያገኝም። ሸሪፉ በመጀመሪያው ተሸነፉ፣ በሁለተኛው አሸነፉ። የሚያስፈልጋቸውም ሁለተኛው ነበር።

ቻርልስ ፍሪማን ፎርት ላውደርዴል ውስጥ ትንሽ የሙዚቃ መደብር የነበረው ጥቁር ነጋዴ ነው። ፍርዱን ሰምቶ አልበሙን አላነሳም። ጁን 8 ቀን ሲቪል የለበሰ ፖሊስ አንድ ቅጂ ገዛውና አሰረው። ጁን 10 ቀን ቡድኑ ሆሊውድ በምትባለው የፍሎሪዳ ከተማ ክለብ ፉቱራ ውስጥ ለአዋቂዎች ብቻ ተጫወተ። ከመድረክ ከወረዱ በኋላ ካምቤልና ፍሬሽ ኪድ አይስ ታሰሩ። ብራዘር ማርኪስም በኋላ ተከሰሰ።

ኦክቶበር ላይ ሁለቱም ጉዳዮች በዚያው ካውንቲ ለጁሪ ቀረቡ። መጀመሪያ የፍሪማን። ስድስቱም የጁሪ አባላት ነጮች ነበሩ። ጥፋተኛ አሉት፤ 1,000 ዶላር ተቀጣ። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ፣ ኦክቶበር 20፣ የዘፋኞቹ ፍርድ መጣ። ነጻ! የሸጠው ወንጀለኛ ነው፣ የዘፈነው ንጹሕ ነው። በአንድ ወር ውስጥ።

ለምን? አንዱ ምክንያት በጣም ተራ ነው። አቃቤ ሕጉ ዋና ማስረጃ ያደረገው ፖሊሶች በደበቁት ትንሽ መቅረጫ የቀዱትን ድምፅ ነበር። ቀረጻው አይሰማም። ስለዚህ መርማሪዋ ፖሊስ የምስክር ወንበር ላይ ተቀምጣ ስንኙን በደረቁ ታስረዳለች። ጸያፍ ግጥም በፖሊስ ሪፖርት ድምፀት ሲነበብ አስቡት። የጁሪ አባላቱ ሳቅ አፈናቸው። መሳቅ ይፈቀድልን ወይ ብለው ዳኛዋን በጽሑፍ ጠየቁ። ዳኛዋም ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለኛል።

ሁለቱ ፕሮፌሰሮች

ሌላው ምክንያት ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ ናቸው። የጥቁር አሜሪካውያን ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ምሁር ናቸው፤ ለመከላከያ መሰከሩ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ጥቁሮች ዘንድ በቃላት መጎሻሸም፣ ስድብን እስከ ጥግ አጋንኖ ማፎካከር የቆየ ባህል ነው። ስድቡ ቃል በቃል አይወሰድም። እነዚህ ልጆች ነጮች ስለ ጥቁር ወንድ የፈጠሩትን የወሲብ ጭራቅ ተረት አጋንነው እየተጫወቱበት ነው። አዝማሪ ቤት ተሰድቦ እየሳቀ የሸለመ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ክርክሩ ጠንካራ ነው። ግን የሚያልፈው ነገር አለ። ያንን ያሳዩት ኪምበርሌ ክሬንሾ ናቸው። የዘርና የፆታ በደል አንድ ሰው ላይ ሲደራረብ ምን እንደሚፈጠር በማጥናት የታወቁ የሕግ ምሁር ናቸው። በ1991 ስለዚሁ ጉዳይ ጻፉ። ክሱ ዘረኛ ነው አሉ። በዚያው ካውንቲ የወሲብ ቪዲዮ ቤቶች በግልጽ ይሠራሉ። አንድሩ ዳይስ ክሌይ የተባለው ነጭ ኮሜዲያን ሴቶችን እያዋረደ አዳራሽ ይሞላል። ሸሪፉ የመጡት ጥቁሮቹ ላይ ነው። እስከዚህ ከጌትስ ጋር አንድ ናቸው።

ቀጥለው ግን ሌላውን ወገን ያዙ። «ቀልድ ነው፣ ባህላችን ነው» የሚለው መከላከያ የማንን ገላ መጫወቻ አድርጎ ነው? የጥቁር ሴቶችን። አቃቤ ሕጎቹ ስለ እነዚህ ሴቶች ግድ አልነበራቸውም። ተከላካዮቹም እንዲሁ። ቀልድ መሆኑ ለሚሰደበው ሰው ምን ይፈይዳል? በዚህ ጉዳይ ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም። ካምቤል በሕግ ትክክል ነበር፤ አልበሙ ደግሞ ሴቶችን ያዋርዳል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ዛሬም በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለ ዘፋኞች ስንጨቃጨቅ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንድንይዝ የሚያስገድደን ማን እንደሆነ አላውቅም።

ማስረጃ የት አለ?

ካምቤል በጎንዛሌዝ ውሳኔ ላይ ይግባኝ አለ። እስከዚያው ነገሩን ገንዘብ አደረገው። በ1990 በጋ ስለ መታገዱ ራሱ ዘፈን አወጣ፤ ብሩስ ስፕሪንግስቲን የታወቀ ዘፈኑን ዜማ እንዲጠቀምበት ፈቀደለት። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ጥቁርና ነጭ የወላጆች ማስጠንቀቂያ ምልክት በአንድ ወጥ ቅርጹ መጀመሪያ የተለጠፈው በዚያ አልበም ላይ ነው።

የይግባኙ ጉዳይ የዞረው በአንድ የሕግ መለኪያ ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ሚለር በተባለው መዝገብ ሦስት ጥያቄዎች አስቀምጧል። በአካባቢው ሰው ሚዛን ሥራው በጠቅላላው የወሲብ ስሜት ለመቆስቆስ የተሠራ ነው? ወሲብን በግልጽ አስነዋሪ አድርጎ ያሳያል? ቁም ነገር ያለው ሥነ ጽሑፋዊ፣ ሥነ ጥበባዊ፣ ፖለቲካዊ ወይም ሳይንሳዊ ዋጋ ይጎድለዋል? ሦስቱም አዎ ካልተባሉ ጸያፍ አይባልም።

ካምቤል የሙዚቃ ሃያሲዎችንና ምሁርን በምስክርነት አቅርቧል። ሸሪፉ ያቀረቡት ካሴቱን ነው። ካሴቱን ብቻ! በሜይ 1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን አየና ውሳኔውን ሻረው። ሥራው ጥበባዊ ዋጋ እንደሌለው የሚያስረዳ አንድም ማስረጃ ከሸሪፉ በኩል አልቀረበም። ዳኛው ካሴቱን ሰምተው በራሳቸው ጆሮ መፍረዳቸው አይበቃም። በዲሴምበር 1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካውንቲውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። አበቃ።

ፍርዱ አልበሙ ጥሩ ነው አላለም። አላረጋገጣችሁም ነው ያለው። የካምቤል ደጋፊዎች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር ላንሳ። አይስ ቲ ከሮክ ቡድኑ ጋር ፖሊስን ስለመግደል የሠራው ዘፈን በመላ አሜሪካ ቁጣ ቀሰቀሰ። ኩባንያው ግዙፉ ታይም ዋርነር ነበር። ባለአክሲዮኖች ነበሩት፣ የፖሊስ ማኅበራት ዘመቱበት። አይስ ቲ በመጨረሻ ዘፈኑን ከአልበሙ አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኩባንያው ጋር ተለያየ። በችሎታ ካየነው አይስ ቲ ከካምቤል እጅግ የላቀ ራፐር ነው። ካምቤልን ግን የሚያስፈራራው ባለአክሲዮን አልነበረም። የጠበቃውን ሒሳብ የሚከፍለው ራሱ ነው፣ ይበቃል የሚለውም ራሱ ነው። እሱም ይበቃል አላለም።

ንጹሑ ቅጂ ፍርድ ቤት ቀረበ

አሁን ወደ ንጹሑ አልበም። ካምቤል የሮይ ኦርቢሰንን የ1964 ዝነኛ የፍቅር ዘፈን ወስዶ አፌዘበት። ዜማው ይጀምርና ቆንጆዋ ሴት ቀርታ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ራሰ በራ ምናምን እየተባለ ይሄዳል። በጁላይ 1989 የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ የዘፈኑን መብት ለያዘው አኩፍ ሮዝ ደብዳቤ ጻፈ። እንከፍላለን፣ ስማችሁንም እንጠቅሳለን አለ። አኩፍ ሮዝ አይሆንም አለ። አወጡት። ሽፋኑ ላይ የደራሲዎቹንና የአኩፍ ሮዝን ስም አኑረው። ወደ 250 ሺህ ቅጂ ከተሸጠ በኋላ ክስ መጣ።

ናሽቪል ያለው ፍርድ ቤት ለካምቤል ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው፤ ለትርፍ የተሠራ ነውና ከመነሻው አግባብ አይደለም ብሎ። ጉዳዩ ዋሽንግተን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ካምቤልን ወክለው የቆሙት ብሩስ ሮጎው ናቸው፤ ከጸያፍነቱ ክስ ጀምሮ አብረውት የነበሩ ጠበቃ። ማድ የተባለው የፌዝ መጽሔት አሳታሚ ሳይቀር በካምቤል ወገን ሐሳቡን በጽሑፍ አስገባ። ገብቶታል፤ ካምቤል ቢሸነፍ የእሱም እንጀራ አደጋ ላይ ነው።

ማርች 7 ቀን 1994 ዘጠኙም ዳኞች ለካምቤል አሉ። ጽሑፉን ያዘጋጁት ዳኛ ዴቪድ ሱተር ናቸው፤ ከኒው ሃምፕሸር የመጡ፣ ዝምተኛ፣ ኮምፒዩተር እንኳ የማይወዱ ሰው። እኚህ ሰው የቱ ላይቭ ክሩን ግጥም ከኦርቢሰን ግጥም ጋር በፍርዱ አባሪ አድርገው አተሙት። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የሕግ ተማሪዎች ዛሬም ያነቡታል።

የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በአንድ ሥራ ላይ ለማፌዝ ሥራውን መጥቀስ ግድ ነው፤ ሰሚው የቱ ላይ እንደሚፌዝ ካላወቀ ፌዝ የለም። ለገንዘብ መሠራቱ ብቻውን አያስኮንነውም። ዋናው ጥያቄ አዲሱ ሥራ በአሮጌው ላይ አዲስ ትርጉምና መልእክት ጨምሯል ወይ የሚለው ነው። ሱተር የጨዋውን ዘፈን የዋህነት በሰፈር አነጋገር እንደሚነካ አዩ። ይሁን እንጂ ባሱን ከሚገባ በላይ ቀድተው እንደሆነ ይጣራ ብለው ወደ ታች መለሱት። በኋላ ሁለቱ ወገኖች በፈቃድ ስምምነት ታረቁ።

ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የሰው ዘፈን ቀይሮ የሚያፌዝ፣ አሜሪካ ውስጥ ቢከሰስ ጠበቃው መጀመሪያ የሚያወጣው መዝገብ ይህ ነው። በ2015 ጎግል መጻሕፍትን ስካን ማድረጉ ሕጋዊ ነው ሲባል ይኸው መዝገብ ተጠቅሷል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንዲ ዋርሆል ሥዕል ጉዳይ ሐሳቡን ትንሽ አጠበበው፤ አልሻረውም።

ያልተከፈለው ሮያሊቲ

ካምቤል ዋሽንግተን ላይ ባሸነፈ በዓመቱ ከሰረ።

ገና ከጅምሩ ካስፈረማቸው አርቲስቶች አንዱ ኤም ሲ ሻይ ዲ ነው። ሮያሊቲዬን (ከሽያጩ የሚደርሰኝን ድርሻ) አልከፈለኝም ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደለት። በ1995 ካምቤልና ኩባንያው ኪሳራ አወጁ። ከሸሪፍ፣ ከጠበቃ፣ ከአሳታሚ ጋር የተታገለ ሰው የወደቀው የራሱ አርቲስት ላይ ነው። እኔ በዚህ አላዝንለትም። ሥራ የሠሪው ነው ብሎ አገር ያስጨነቀ ሰው ለሠራተኛው ሒሳብ ሳይዘጋ ሲቀር ፍርድ ቤቱ ሒሳቡን ዘጋለት።

የቱ ላይቭ ክሩ አልበሞች መብት የገዛው ጆ ዋይንበርገር ነው። ቀድሞ የካምቤል ኩባንያ ውስጥ የሠራ ጠበቃ ነው፤ ወረቀቱን ከማንም በላይ የሚያውቅ። ሊል ጆ ሬከርድስ ብሎ ከፈተ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ካምቤል የታሰረበት አልበም የሌላ ሰው ንብረት ሆነ።

መሃሉን በፍጥነት ልለፈው። ካምቤል ሙዚቃውን ቀጠለ። በ1993 በእሱ ኩባንያ የወጣው ኤች ታውን የተባለ ቡድን በቢልቦርድ 3ኛ ደርሶ ነበር፤ ትሪክ ዳዲና ፒትቡልም ገና ሳይታወቁ በእጁ አልፈዋል። በ1990 በጋራ ያቋቋመው የሊበርቲ ሲቲ የልጆች ፉትቦል ቡድን (የእነሱ ፉትቦል፣ በእጅ የሚይዙት) ለፕሮፌሽናል ሊግ በርካታ ተጫዋቾች አፍርቷል። በኋላ በማያሚ ኤዲሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ወላጅ የሚያውቀው በዚህ ነው። ንጹሕ ምስል ግን አልሳልለትም፤ በ1994 ለማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ ይሸልማል የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ትልቅ ቅሌት ነበር። በ2011 ለማያሚ ዴድ ካውንቲ ከንቲባነት ተወዳደረ። የራቁት ዳንሰኞች ላይ ግብር ይጣል አለ። ሰው ሳቀ። 11 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አራተኛ ወጣ።

ሠላሳ አምስት ዓመት

የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለው። ከ1978 ወዲህ ሥራውን ፈርሞ ያስተላለፈ ደራሲ ከ35 ዓመት በኋላ ማስተላለፉን ሰርዞ መብቱን ማስመለስ ይችላል። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ወጣት ሆኖ፣ ተርቦ፣ ዋጋውን ሳያውቅ የሚፈርመውን ነው። አንቀጹ ግን የማይሠራበት ሁኔታ አለ። ሥራውን የሠራኸው በቅጥር ከሆነ ከመጀመሪያውም የአሠሪህ ነው፤ የምታስመልሰው የለም።

በኖቬምበር 2020 ካምቤል፣ ብራዘር ማርኪስና በ2017 የሞተው የፍሬሽ ኪድ አይስ ወራሾች መብታችንን እናስመልሳለን የሚል ማስታወቂያ ለሊል ጆ ላኩ። ሊል ጆ ከሰሰ። ክርክሩ ሁለት ነበር። መብቱ በኪሳራው ጊዜ ተሽጧል፤ ደግሞም እነዚህ ሰዎች የኩባንያው ቅጥረኞች ነበሩ። ማለትም ካምቤል የራሱ ኩባንያ ተቀጣሪ ሆኖ ነው የሠራው እንደ ማለት ነው። ባለቤት ነኝ እያለ 40 ዓመት የኖረው ሰው አሁን አርቲስት እንጂ የማንም ሠራተኛ አልነበርኩም ብሎ መሟገት ነበረበት።

ብራዘር ማርኪስ በጁን 2024 ሞተ። ኦክቶበር ላይ ማያሚ ያለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪውን ሰየመ። ጁሪው ለካምቤልና ለሟቾቹ ወራሾች ፈረደ። ክርክር ከነበረባቸው አምስት አልበሞች መሃል በ1990 ያሳሰራቸው አለበት። አንቀጹ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ላለው መብት ብቻ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለው ሽያጭ በድሮው ውል ይቀጥላል።